የደስታ ድምፅና የጎረቤት እንቅልፍ

ሰው በተፈጥሮው ከሰው ጋራ መኖርን የሚወድ ፍጡር ስለ ሆነ ደስታውን ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። ኀዘን የደረሰበት ሰው በሩን ዘግቶ ሊቀመጥ ይችል ይሆናል፤ ደስ ያለው ሰው ግን በሩን ይከፍታል፣ ወዳጆቹን ይጠራል፣ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። ስለዚህ ድምፅ የደስታ መልክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ይሁን እንጂ ድምፅ ከሌሎቹ የደስታ ምልክቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የምንበላው እንጀራ በማዕዳችን፣ የምንለብሰው ሸማ በገላችን ይወሰናል፤ የምናሰማው ድምፅ ግን አጥር አያውቅም። ዓይን ቆብ ተሰጥቶታል፤ ማየት የማይፈልገውን ሲያይ ይከደናል። ጆሮ ግን ክዳን የለውም፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ እንኳ እርሱ ዘብ እንደ ቆመ ነው።

ከዚህ ጠባይ የተነሣ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይወለዳል። ብዙ ሰዎች በአንድ ሜዳ ተሰብስበው የሚደሰቱበት ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት፣ ዛሬ በተለምዶ ኮንሰርት የምንለው፣ በሜዳው ዙሪያ ለሚኖረውና ትርኢቱን ለማይካፈለው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ለላይኛው ተመልካች ቀላል ይመስላል። አንዳንዱ «አንድ ሌሊት ቢታገሡ ምን ይሆናሉ?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ጭፈራ ሁሉ ይከልከል» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ጥያቄውን ሳይመረምሩ የሸሹት ይመስለናል።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በአንድ የታወቀ ስፍራ ላይ አድርገን እንመልከተው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወስደው አቅጣጫ ጾሬ የሚባል ስፍራ አለ። አገሩ የቀርከሃ፣ የማሽላና የማንጎ አገር ነው። በአካባቢው የበርታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል። ኋላ ደግሞ በዚያ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቶ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በጦርነት ምክንያት የተሰደዱ ብዙ ሰዎች ሰፍረውበታል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን እንደ ገና ጦርነት በተነሣ ጊዜም በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ አሶሳ አካባቢ የመጡት ጥቂቶች አይደሉም። እንግዲህ በጾሬ ባለአገሩና እንግዳው ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ አጠገብ በአንድ ሜዳ ላይ ታላቅ መድረክ ቢተከል፣ ድምፅ ማጉያዎች ቢደረደሩ፣ ሌሊቱም በሙዚቃ ቢያልፍ፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ይፈላለጋሉ?

አስቀድመን ግን ደስታን የምንቃወም እንዳንመስል አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ሰዎች በአደባባይ ተሰብስበው ሙዚቃ መስማታቸው ለአንድ አገር መልካም ነገር ነው። በጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በከበረ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ከከተማው ሕዝብ ጋራ በአንድነት ቆመው ሰምተዋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በዚያው አደባባይ ቴዲ አፍሮ ባዘጋጀው ትርኢት እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኝቷል። የአሶሳም ከተማ በኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. ዘጠነኛውን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ባስተናገደች ጊዜ ከአገሪቱ ማዕዘናት የመጡ ዘፈኖችና ጭፈራዎች ተሰምተውባታል። በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን የሚታሰበው የስደተኞች ቀን እንኳ ያለ ዘፈን ቢያልፍ ጎደሎ ይሆናል፤ አገሩን የተነጠቀ ሰው ይዞት ሊወጣ የሚችለው ንብረት ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ነውና። ስለዚህ ደስታ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር የእኛ አይደለም። የእኛ ክርክር የደስታው ዋጋ ተከፋይ ማን ነው የሚል ነው።

ስለ ዋጋው ለመናገር የበርታ ሕዝብ ራሱ ያቆየልን አንድ ምሳሌ አለ። ሕዝቡ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ነው፤ ይህኛው ዋዛ ግን ከቀልድ የራቀ ነው። ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ሲሆን፣ ርዝመቱ ልዩ ልዩ የሆነ ብዙ መለከት በአንድነት ይነፋል። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም። አንዱ ሲነፋ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም መተባበር ነው። መከር በሚገባበት ወራት ዋዛ ሲነፋ የሚሰማው ሰው ማሽላውን አብሮ ያረመው፣ አብሮ ያጨደው፣ አብሮም የሚጨፍረው ጎረቤት ነው። እንዲህ ባለ ጨዋታ ውስጥ አስደሳችና ተደሳች፣ ሻጭና ገዢ፣ ተጋባዥና ባይተዋር የሚል ክፍፍል ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የጥንቱ ጭፈራ ሰው አያስተኛም ነበር፤ ሠርግስ ቢሆን ሰፈሩን ሁሉ ሲያነቃ ያድር የለምን?» ሊለን ይችላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ጎረቤት የሠርጉን ከበሮ ታግሦ የሚያድረው ስለ ምን እንደ ሆነ እንመርምር። አንደኛ፣ ተጠርቷል፤ እንጀራውን ቆርሷል፣ ሙሽሮቹንም መርቋል። ሁለተኛ፣ ዛሬ የእነ እገሌ ሠርግ ቢሆን ነገ የእርሱ ልጅ ሠርግ ነው፤ ትዕግሥቱ እንደ ዕቁብ ተራውን ጠብቆ ይመለስለታል። ሦስተኛ፣ የነፊው ትንፋሽና የመቺው ክንድ ይደክማል። ይህ ሦስተኛው ምክንያት ትንሽ ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ግን ዋናው እርሱ ነው። የሰው ድካም ለጎረቤት የቆመ፣ በማንም ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ከበሮው ከሚሰማበት ርቀት በላይ ማንም አይረበሽም፤ ክንዱም ሲዝል ሌሊቱ ለተኙት ይመለስላቸዋል።

መሣሪያው ግን አይደክምም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ እስካለው፣ ማጉያውም ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ድምፁ በመጀመሪያው ሰዓት እንደ ነበረ በስድስተኛውም ሰዓት ያው ነው። እንግዲህ ድካም ያቆመውን ወሰን መሣሪያው ካፈረሰው፣ ወሰኑን ሰው በአእምሮው መልሶ መሥራት አለበት። ሕግ፣ ሰዓት፣ መለኪያና ውል የምንላቸው ነገሮች ሁሉ የጠፋውን ድካም ተክተው እንዲሠሩ የምናቆማቸው ናቸው። ይህን ያልተረዳ ሰው ለኮንሰርት ሰዓት ሲወሰንበት ባህልን የነኩበት ይመስለዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን የባህሉን አሮጌ ወሰን በአዲስ ችካል መትከል ነው።

የጥንቱን ጭፈራ ከዛሬው ትርኢት የሚለየው ሁለተኛው ነገር ሦስተኛው ሰው ነው። በዛሬው ትርኢት አዘጋጁ ይሸጣል፣ ተመልካቹ ይገዛል፤ ሁለቱም በፈቃዳቸው ገብተዋል፣ ሁለቱም የሚያገኙት ነገር አለ። ከሜዳው ማዶ ባለው ቤት የተኛው ሰው ግን ገዢም ሻጭም አይደለም። ትኬት አልቆረጠም፤ ከትርፉም አይካፈልም፤ ቢሆንም ከዋጋው አንዱን ክፍል ይከፍላል። የሚከፍለውም በገንዘብ ሳይሆን በእንቅልፉ ነው። ሁለት ሰዎች ተዋውለው ዕዳውን በሦስተኛው ላይ የሚጽፉበት ውል በገበያ ቢደረግ ሌብነት ይባላል፤ በሌሊት ሲደረግ ለምን ሌላ ስም ይሰጠዋል?

«ነገር ግን የሚደሰቱት ብዙ ናቸው፣ የሚቸገሩት ጥቂት ናቸው» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ቁጥሩን እንቀበለው። በሜዳው ላይ 10,000 ሰዎች ይኑሩ፤ በዙሪያው 300 ሰዎች ይኑሩ። መጠየቅ የሚገባን ግን የሰዎቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ የሚቀነሰውን ጭምር ነው። ድምፁ በመጠኑ ዝቅ ቢል፣ ትርኢቱም ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢጀመርና ቀድሞ ቢያልቅ፣ የአሥሩ ሺህ ሰዎች ደስታ ይጎድላል ቢባል እንኳ ጥቂት ነው። ያለዚያ ግን የሦስት መቶው ሰዎች ዕረፍት ፈጽሞ ይጠፋል። ደስታ ቢቀነስለት ደስታነቱን አይተውም፤ እንቅልፍ ግን በየሩብ ሰዓቱ ቢቆራረጥ እንቅልፍ አይባልም። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ የተቀመጡት ከብዙዎቹ ደስታ አንዱ ቅንጣትና የጥቂቶቹ ዕረፍት በሙሉ ናቸው። ነገሩ በዚህ መልክ ከተመዘነ ፍርዱ አያስቸግርም።

ርቀትም ብቻውን መፍትሔ እንዳይመስለን ጥቂት ስሌት እናድርግ። የድምፅ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ ዴሲቤል ይባላል። ይህ መስፈሪያ እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ አሥር ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ጆሮም እጥፍ ያህል እንደ ጨመረ አድርጎ ይሰማዋል። ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ድምፅ በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ በታጠፈ ቁጥር ስድስት ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ከድምፅ ማጉያው 50 ሜትር ላይ 95 ዴሲቤል ቢለካ፣ በ100 ሜትር 89፣ በ200 ሜትር 83፣ በ400 ሜትር 77፣ በ800 ሜትር 71፣ በ1,600 ሜትር ደግሞ 65 ይሆናል ማለት ነው። የአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌላ የሚያግደው ነገር ከሌለ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ የተኛው ሰው እንኳ ከተፈቀደው የሌሊት መጠን እጅግ የበለጠ ድምፅ ይደርስበታል።

የሚያግደው ነገርስ ምንድን ነው? ድምፅን የሚያግደው በተለይ የግድግዳ ክብደት ነው። ወፍራም የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ግድግዳ ብዙውን ይመልሳል። ከቀርከሃ ተፈልጦ የተሠራ፣ በጭቃ የተለሰነና ሣር የለበሰ ቤት ግን ለዝናብና ለፀሐይ እንጂ ለድምፅ መከላከያ ሆኖ አልተሠራም፤ የሸራ መጠለያማ ከቶ አይቆጠርም። በተለይ የከበሮውና የባሱ ወፍራም ድምፅ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ቀጭኑ የዘፋኙ ድምፅ በመንገድ ሲቀር እርሱ ብቻውን ደርሶ ደረትን ይመታል። በዚህም ላይ ሰማዩ በጠራና ነፋሱ በተኛ ሌሊት ምድሪቱ ቀድማ ስለምትቀዘቅዝ፣ ከታች ቀዝቃዛ ከላይ ሞቃት አየር ይሆንና ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረውን ድምፅ ወደ ምድር ያጎነብሰዋል። በቀን ያልተሰማ ነገር በሌሊት ከሩቅ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ቤቱ የከፋ ድሀ ከአንድ ድምፅ የሚደርስበት ድርሻ ቤቱ ከጠነከረው ባለጸጋ የበለጠ መሆኑን ነው። ሙዚቃው ለሁሉ እኩል ቢነፋም ጭነቱ ለሁሉ እኩል አይከፋፈልም።

አሁን ወደ ጾሬ እንመለስ። በመጠለያው ከሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከሞት ሸሽተው የመጡ ናቸው። ለእኛ የባስ ምት የሆነው ነገር በሌሊት ከእንቅልፉ ለሚባንን ለእንደዚህ ያለ ሰው ሌላ ነገር ሊሆንበት ይችላል። የሚደነግጥ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ «ይህ ጭፈራ ነው» ብላ ለራሷ ከመንገሯ በፊት ልቧ ወደ ሸሸችበት ሌሊት ሮጦ ይደርሳል። በእርግጥ ስደተኛ ሁሉ ሙዚቃን ይፈራል ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያው ረድፍ ቆመው የሚጨፍሩት የዚያው መጠለያ ወጣቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጨፈራቸውም ደግ ነው። ነገር ግን በአንድ ድንኳን ውስጥ ታላቅ ወንድሙ ለመጨፈር ሲወጣ ታናሽዬው ጆሮውን ይዞ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ለሁለቱም የሚበቃ ሥርዓት መፈለግ የአዘጋጁ ግዴታ ነው።

ከዚህም የሚከብድ አንድ ነገር አለ። ባለአገሩ ሰው ቢቸገር ወደ ቀበሌው ሄዶ ይጮኻል፤ ሽማግሌም ይልካል። እንግዳ ግን አይናገርም። በሰው አገር ተጠግቶ የሚኖር ሰው፣ ውሃና እንጨት ከባለአገሩ ጋራ የሚካፈል ሰው፣ «ሙዚቃችሁ አላስተኛኝም» ብሎ ለመናገር አንደበቱ ይታሠራል። ታዲያ ማንም አላማረረም ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ፣ ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሐሰት ነው። ዝም ያለ ሁሉ የወደደ አይደለም። የመናገር አቅም በሌለው ሰው ዝምታ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው። ስለዚህ በጎ አስተዳዳሪ አቤቱታ እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ አቤት ለማለት የማይችለው ማን እንደ ሆነ ራሱ ይጠይቃል።

ሕጋችን ይህን ጉዳይ አልዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቁጥሩ፣ የአንድ ንብረት ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም መንቀጥቀጥ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ልኩም ሲመዘን የአገሩ ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባዩ እንዲታሰብ ያዛል። የዚህን አነጋገር ጥበብ እናስተውል። ሕጉ ጎረቤት ምንም አይስማ አላለም፤ መለኪያውን መልካም ጉርብትና አደረገው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ድምፅም እንደ ጢስና እንደ ቆሻሻ ፍሳሽ ደረጃ እንዲወጣለት መንገድ ከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ44ኛው አንቀጽ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ የጎደለን ሕግ አይደለም፤ ሕጉን በሜዳው ላይ ቆሞ የሚያስፈጽም ሰውና መለኪያ ነው።

ከሌላው ዓለምም የምንማረው አለ። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 በወጣው የአደባባይ ሙዚቃ መመሪያ ውስጥ አንድ መልካም ሐሳብ ይገኛል። በአንድ ስፍራ በዓመት የሚደረጉት ትርኢቶች በበዙ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚፈቀደው ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል። በከተማ ስታዲየም በዓመት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ለሚደረግ ትርኢት በጎረቤቱ ቤት አጠገብ 75 ዴሲቤል ድረስ ሲፈቀድ፣ ቀኖቹ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ከሆኑ ግን ድምፁ ከአካባቢው የተለመደ ድምፅ ከ15 ዴሲቤል በላይ እንዳይበልጥ ይመከራል። መመሪያው የጎረቤትን ትዕግሥት እንደ ጎተራ እህል ቆጥሮታል፤ አንዴ ቢዘገን አይታወቅም፣ በየሳምንቱ ቢዘገን ግን ያልቃል። በሐምሌ 7 ቀን 2004 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ሃይድ ፓርክ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ፖል ማካርትኒ አብረው ሲዘፍኑ የተፈቀደው ሰዓት ስላለፈ ማይክሮፎናቸው ተዘጋ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ የከተማው ከንቲባ ሳይቀር አልወደደውም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት አንድ ትምህርት ተሰጥቷል፤ ይኸውም ለጎረቤት የተገባ የሰዓት ቃል ለዝነኛ ሰው ሲባል የሚታጠፍ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ቃል አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ጎረቤት ይጠየቅ። ጥያቄውም በሚገባው ቋንቋ ይሁን፤ በጾሬ አጠገብ ከሆነ በበርትኛና በዐረብኛ ጭምር ይነገር፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችና የስደተኞቹ ተወካዮች አብረው ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ ትርኢቱ በቀን ወይም በማለዳ ምሽት ተጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ለንጋት ሶላት የሚነሣ ሰው፣ ለእርሻ የሚማልድ ገበሬ፣ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ሁሉም ሌሊቱን ይፈልጉታልና። ሦስተኛ፣ ማጉያዎቹ ፊታቸውን ከመኖሪያው ወደ ገላጣው ይመልሱ። አንድ ግዙፍ የማጉያ ክምር በመድረኩ ላይ ከማቆም ይልቅ ትናንሾቹን በሕዝቡ መካከል በየርቀቱ መትከል ይሻላል፤ የቀረበ ማጉያ መጮኽ አያስፈልገውምና። የባሱም ማጉያዎች ወደ ኋላ የሚሄደውን ድምፅ በሚሽር አኳኋን ሊሰለፉ ይችላሉ። አራተኛ፣ ልኬቱ በመድረኩ አጠገብ ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ቤት ደጃፍ ላይ ይደረግ፤ የሚለካውም ሰው ድምፁን ለማስቀነስ ሥልጣን ይኑረው። አምስተኛ፣ የቀኑን የድምፅ ሙከራ፣ የጄኔሬተሩን ጩኸት፣ የመኪናውን ጥሩንባና ሕዝቡ የሚተወውን ቆሻሻ ከትርኢቱ ለይተን አንመልከት፤ ለጎረቤት ሁሉም የአንድ ትርኢት ክፍል ነው። በመጨረሻም ከትርፉ ጥቂቱ ለመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ወይም ለትምህርት ቤቱ ቢውል፣ ሦስተኛው ሰው ወደ ድግሱ መግቢያ በር አገኘ ማለት ነው። ይህ ግን እንቅልፉን ለመግዛት የሚከፈል እንዳይሆን እንጠንቀቅ፤ ገንዘቡ የሚሰጠው ሰዓቱና መጠኑ ከተከበረ በኋላ እንጂ በክብሩ ፈንታ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ለተመልካቹም ይበጃል። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ደረጃ፣ በሙዚቃ ቦታዎች ያለው ድምፅ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ድምፅ የወጣቶችን የመስማት ችሎታ ቀስ በቀስ ይበላልና። ስለ ተኙትም ያው ድርጅት ሰው በደህና ይተኛ ዘንድ በመኝታው ያለው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባያልፍ እንደሚሻል አስቀድሞ አስታውቋል። በሜዳ የቆመውና በአልጋ የተኛው ጠላቶች እንዳልሆኑ ከዚህ ይታያል፤ ያው ልከኛነት ሁለቱንም ይጠብቃል።

አስተዳዳሪን የሚያስቱ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው ሁሉን መከልከል ነው፤ የከለከለ ሰው መለካት፣ መጠየቅና መቆጣጠር አይኖርበትም። ሁለተኛው ሁሉን መፍቀድ ነው፤ የፈቀደም ሰው እንደዚያው ከድካም ያርፋል። ሁለቱም የስንፍና ልጆች ናቸው። ድካም የሚጠይቀው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ሄዶ ቦታውን ማየት፣ ቤቶቹን መቁጠር፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ መጠየቅ፣ በውሉ ላይ ሰዓት መጻፍና ሰዓቱ ሲደርስ እዚያው መገኘት። ፈቃድ የሚፈርም እጅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከሜዳው በራቀ ቤት ነው። ስለዚህ እኛ በመንግሥት ሥራ ያለን ሰዎች ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው፤ ይኸውም፣ «በዚያ ሌሊት ሕፃን ልጃችንን ይዘን ለሜዳው በቀረበው የቀርከሃ ቤት ብናድር ኖሮ በዚህ ወረቀት ላይ ምን ሰዓት እንጽፍ ነበር?» የሚል ነው። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ነፃነት ማለት ሌላውን ሳይጠይቁ መጮኽ እንዳልሆነ፣ ጨዋነትም ማለት አለመዝፈን እንዳልሆነ ቢያስረዱልን የሕጉ ሥራ በግማሽ ይቀልላል።

የዋዛ ነፊ መለከቱ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው ያውቃል፤ ስለዚህ ከነፋ በኋላ ዝም ብሎ የባልንጀራውን ድምፅ ይጠብቃል። ዜማው ከመንፋቱም ከዝምታውም የተሠራ ነው። አንድ መንደር፣ አንድ ከተማ፣ አንድ አገርም እንዲሁ ነው። የሚጨፍረውና የሚተኛው፣ ባለአገሩና እንግዳው በየተራቸው ድርሻ ካላቸው ዜማ ይገኛል፤ አንዱ ብቻ ያለ ማቋረጥ ቢነፋ ግን የሚሰማው ድምፅ እንጂ ዜማ አይደለም። ደስታችን እውነተኛ መሆኑን የምናውቀው በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ጎረቤታችንን በመንገድ ስናገኘው «እንዴት አደራችሁ?» ብለን ሳናፍር ልንጠይቀው ስንችል።